ስኳሬ ሲወርድ ማንበብ አቃተኝ፤ መድኃኒቱ ይሆን?

ሒሳብ ሠራተኛው
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር እንዳለብኝ ያወቅኩት በቅርቡ ነው። ያኔ ሲለካ 380 ነበር። ሩቁ ብዥ ይልብኛል፣ ቅርቡን ግን አነብ ነበር። ኪኒን ጀምሬ አሁን ወደ 140 ወርዷል። ታዲያ ነገሩ ተገለበጠ። ሩቁ ጠራ፣ ቅርቡ ጠፋ። 3 እና 8ን መለየት አቅቶኛል፤ ሥራዬ ደግሞ ቁጥር ነው። መነጽር ቤት ቁጥርህ ተቀይሯል፣ አዲስ እንሥራልህ አሉኝ። ባለቤቴ «መድኃኒቱ ነው ዓይንህን የሚበላው፣ ተወው» ትላለች። ላቁመው እንዴ?

የዓይን ባለሙያ
ኧረ በፍጹም እንዳያቆሙ! ስኳር ከፍ ብሎ ሲቆይ የዓይን ሌንስ ውስጥም ይገባል። እዚያ ሶርቢቶል ወደሚባል ነገር ይለወጣል። ሶርቢቶል ቶሎ አይወጣም፤ ውሃ ይስባል፣ ሌንሱም ያብጣል። ያኔ ሩቁ የደበዘዘብዎት ለዚህ ነው። አሁን ደግሞ ስኳሩ ሲወርድ ሌንሱ እኩል አልተከተለውም፤ ለጊዜው ወደ ሌላኛው ጎን አጋደለ። ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ይረጋጋል፤ አንድ ወር ተኩል ሊፈጅም ይችላል። አሁን የሚያሠሩት መነጽር ያኔ አይሆንዎትም። እስከዚያ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው የማንበቢያ መነጽር ይበቃዎታል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌንሱ ሳይሆን ሬቲናው፣ ማለትም ከዓይን በስተጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን ነው። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ሳይታወቅ ዓመታት ሊቆይ ስለሚችል፣ ሬቲና የሚታየው በሽታው በታወቀ ጊዜ ነው። ታይተዋል?

ከልጅነቴ ኢንሱሊን ላይ
ወንድሜ፣ የመጨረሻዋን ጥያቄ እንዳታልፋት። እኔ የሰሌዳውን ትንሿን ፊደል ሳይቀር አነብ ነበር። ሐኪሙ ግን ብሌኔን በጠብታ አስፍቶ ሲያይ ከሬቲናዬ ደም ሥሮች ፈሳሽ እየወጣ፣ አዳዲስ ደካማ ሥሮችም እየበቀሉ ነበር። ምንም አልተሰማኝም እኮ! ሌዘር ተሠራልኝ፤ ዛሬም አነባለሁ።

ሌላም ልንገርህ። ስኳር ሲያንስም ዓይን ይደናገራል። ከ70 በታች ስወርድ ነገር ሁሉ ሁለት ሁለት ይታየኛል። ቶሎ ጣፋጭ ስወስድ ይለቀኛል።

ሒሳብ ሠራተኛው
እግዜር ይስጥልኝ። መነጽር ቤት በማሽን አይተውኝ ነበር፤ እሱ አይበቃም? ጠብታውስ ያማል?

የዓይን ባለሙያ
ያ ማሽን የመነጽር ቁጥር ነው የሚለካው። ጠብታው ትንሽ ያቃጥላል እንጂ አያምም። ለጥቂት ሰዓት ብርሃን ይከብድዎታል፤ መኪና ይዘው እንዳይሄዱ።

ለባለቤትዎም ይንገሩልኝ። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ትልቁ የአሜሪካ ጥናት አንደኛው ዓይነት ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ የተደረገ ነበር። ስኳርን በጥብቅ መቆጣጠር የሬቲና ጉዳት የመጀመር ዕድልን በ76 ከመቶ ቀንሷል። እርግጥ ሬቲናው አስቀድሞ የተጎዳ ሰው ስኳሩ በፍጥነት ሲወርድ መጀመሪያ ላይ ሊብስበት ይችላል። መፍትሔው መድኃኒት መተው አይደለም፤ በዚያ ወቅት ዓይኑን ቶሎ ቶሎ መታየት ነው። የእርስዎ ስኳር ብዙ ስለወረደ ምርመራውን አያዘግዩት።

ድንገት ጥቋቁር ነጠብጣብ ከበዛብዎት ወይም እንደ መጋረጃ ያለ ጥላ ከወረደብዎት ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ይሂዱ።