ሬዲዮ ስካነር ማዳመጥ ለመጀመር ምን ላስመጣ? (ጥያቄ ከጎንደር)

ጥያቄ፦ የማራኪ ነዋሪ

ጤና ይስጥልኝ። በሥራዬ ምክንያት ወደ አዘዞ ስለምመላለስ፣ በአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር አውሮፕላን ሲያርፍ ቆሜ ማየት ልማድ ሆኖብኛል። አብራሪውና የማማው ተቆጣጣሪ ምን እንደሚነጋገሩ መስማት ይቻል እንደሆነ ሳጠያይቅ፣ የሞገድ ቁጥሮችን በተራ እየፈተሸ ንግግር ያገኘበት ላይ የሚቆም ስካነር የሚባል ሬዲዮ እንዳለ ተረዳሁ። በቤቴ ያለው አባቴ የተወልኝ አሮጌ የአጭር ሞገድ ሬዲዮና አንድ ላፕቶፕ ብቻ ነው፤ የሰፈር ኤፍኤም ሬዲዮም ሞክሬ ከ108 በላይ አልሄድ አለኝ። ውጭ አገር ያለችው እኅቴ ለገና ስትመጣ ዕቃ እንደምታመጣልኝ ቃል ገብታልኛለች። ምን ልዘዛት? ሱቅ ውስጥ ያየሁት በእጅ የሚያዝ መነጋገሪያ ሬዲዮስ ይበቃል? ሕጉስ ምን ይላል?

መልስ፦ ሬዲዮ ጠጋኝ፣ አራዳ

የሲቪል አውሮፕላኖች የድምፅ መነጋገሪያ ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ነው፤ ማለትም የእርስዎ ሬዲዮ ከቆመበት 108 ጥቂት ከፍ ብሎ። ይሁንና ቁጥሩ ላይ ቢደርሱም ንግግሩ የሚተላለፈው በኤፍኤም ሳይሆን በኤኤም (ድምፁ የሞገዱን ጉልበት ከፍ ዝቅ በማድረግ በሚጫንበት ዘዴ) ስለሆነ፣ የኤፍኤም ሬዲዮ አጥርቶ አያሰማዎትም። አቪዬሽን ኤኤምን ይዞ መቆየቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በኤፍኤም ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢናገሩ ጉልበታሙ ደካማውን ፈጽሞ ይሸፍነዋል፤ በኤኤም ግን ሁለቱም ከፉጨት ጋር ተደባልቀው ስለሚሰሙ፣ ተቆጣጣሪው ሌላ የሚጠራ እንዳለ ይረዳል።

ሱቅ ያዩት መነጋገሪያ አብዛኛውን ጊዜ ከ136 ሜጋኸርዝ በላይ፣ ያውም በኤፍኤም ብቻ የሚሠራ ነው። በዚያ ላይ ማሰራጨትም ስለሚችል ያለ ፈቃድ መያዙ መዘዝ አለው። አንድ ደንበኛ «ለአውሮፕላን ክፈትልኝ» ብሎ አምጥቶልኝ ሳልነካው መልሼለታለሁ። የኤኤም የአቪዬሽን ክልል ያለውን፣ መቀበል ብቻ የሚችል ስካነር ቢያስመጡ ይሻላል።

መልስ፦ የኤሌክትሮኒክስ መምህር

ላፕቶፕ ካለዎት ስካነር መግዛቱ ወጪ ማብዛት ይመስለኛል። አርቲኤል ኤስዲአር የሚባለው፣ መጀመሪያ ለዲጂታል ቴሌቪዥን መቀበያ የተሠራው ትንሽ የዩኤስቢ ዶንግል፣ እንደየዓይነቱ ከ24 እስከ 1,700 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይቀበላል። ሞገዱ በላፕቶፑ ስክሪን ላይ በሥዕል ስለሚታይ፣ ማን መቼ እንደተናገረ ዓይንዎ ከጆሮዎ ቀድሞ ያገኘዋል። አውሮፕላኖች ቦታቸውንና ከፍታቸውን የሚያስተላልፉበትን 1,090 ሜጋኸርዝም በዚያው ያነቡበታል።

ዋናው ጉዳይ ግን አንቴናው ነው። 300ን ለክልሉ መካከለኛ ቁጥር ለ127 ሲያካፍሉት የሞገዱ ርዝመት 2.36 ሜትር ይመጣል፤ ሩቡ 59 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከዚያ ላይ አምስት በመቶ ያህል ይቀነስለትና 56 ሴንቲ ሜትር የቤት ኤሌክትሪክ ሽቦ ቀጥ አድርገው ያቁሙ። አያጋድሙት፤ የአውሮፕላኑ ሞገድ የሚወዛወዘው ወደ ላይና ወደ ታች ነው።

አንድ ነገር አስቀድመው ይወቁ፦ ይህ ሞገድ ተራራ አይዞርም። በ10,000 ሜትር ላይ የሚበርን አውሮፕላን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆም ሊሰሙት ይችላሉ፤ በእኛ ከተማ ግን በመካከል ኮረብታ ካለ፣ ቅርብ ያለው የአዘዞ ማማ ላይሰማ ይችላል። የንግግሩን ግማሽ ብቻ ሰሙ ማለት ነው፤ ግን አይቆጩ፤ አብራሪው የተሰጠውን ትእዛዝ መልሶ የመድገም ግዴታ ስላለበት፣ የተቆጣጣሪውን ቃል ከአብራሪው አፍ ያገኙታል።

መልስ፦ ጡረተኛ የመገናኛ ሠራተኛ

ልጄ፣ ሁለቱም ስለ ዕቃው በትክክል ነግረውሃል፤ ሕጉን ግን ዘለውታል። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ ከውጭ ማስገባትን ይከለክላል። ዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብም ለሕዝብ ያልተላለፈን ንግግር ያለ ፈቃድ መጥለፍንና ይዘቱን ለሌላ መግለጥን አገሮች እንዲከለክሉ ያዝዛል። ስለዚህ እኅትህ ከመግዛቷ በፊት የዶንግሉንም ሆነ የስካነሩን ዓይነት ጠቅሰህ፣ የአቪዬሽን ንግግር ማዳመጥህንም ጨምረህ፣ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን በጽሑፍ ጠይቅ። የፖሊስንና የሠራዊትን መገናኛ በምንም ምክንያት አትፈልግ። ጣሪያ ላይ የአንቴና ምሰሶ መትከልም ጎረቤትን ማስጨነቅ ነው።

እስከዚያው የአባትህን ሬዲዮ አውጣ። የ49 ሜትር ሞገድ ከመሸ በኋላ ከሩቅ ይመጣል፤ ቀን የ19 ሜትሩን ሞክር። አሥር ሜትር ያህል ሽቦ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ በግቢው ውስጥ ወጥረህ ጫፉን ከአንቴናው ጋር አያይዘው፤ ዝናብና መብረቅ ሲመጣ ግን ንቀለው። ኢንተርኔት ካለህ ደግሞ በኔዘርላንድስ የሚገኘው የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ በ2008 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ለማንም ክፍት ያደረገው የአጭር ሞገድ መቀበያ አለ። አንዲት ዕቃ ሳትገዛ ኤኤምን ከኤስኤስቢ (የኤኤምን ሞገድ አንድ ጎን ብቻ ከሚያስተላልፈው ዘዴ) መለየት የምትማረው እዚያ ነው።

ጠያቂው፦

ጋሼ፣ ምክርዎን ተቀብዬ ሽቦውን ከበሩ እስከ ኮክ ዛፉ ወጠርኩት። ሁለት ምሽት ሙሉ ከማያቋርጥ ጉርምርምታ በቀር የሰማሁት አልነበረም። ሦስተኛው ምሽት ላይ መብራት ሲጠፋ ጉርምርምታው አብሮ ጠፋና አንድ የዐረብኛ ጣቢያ አጠገቤ የተቀመጠ ያህል ጠርቶ ወጣ። መብራት ሲመለስ ጩኸቱም ተመለሰ። መንስኤው የሰፈሩ መስመር ይሆን?

መልስ፦ ሬዲዮ ጠጋኝ፣ አራዳ

መጀመሪያ የራስዎን ቤት ይፈትሹ። ሬዲዮውን በባትሪ እያሠሩ ቆጣሪው ላይ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ ያጥፉት፤ ዝም ካለ ጩኸቱ ከቤትዎ ነው። ከዚያ መልሰው ያብሩና የስልክ ቻርጀሩንና የኤልኢዲ አምፖሎቹን አንድ በአንድ ያጥፉ።

ጠያቂው፦

የኩሽናው አምፖል ሆኖ ተገኘ። ቀየርኩት። ለባለሥልጣኑ የምጽፈውን ደብዳቤም ጀምሬያለሁ፤ መልስ እስኪመጣ እኅቴ ምንም እንዳትገዛ ነግሬያታለሁ።