የጥቁር ቆዳ ሰደርያው ዕቅድ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ ከመቅረቡ በፊት የአባላት ሐሳብ

ጸሐፊው፦
ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው እሑድ እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ተሰብስበን ሞተረኞቹም ቆዳ ሰፊዎቹም የተስማማንበትን ሐሳብ ለጠቅላላ ጉባኤው ከማቅረባችን በፊት እዚህ እናብስለው። ነገሩ ይህ ነው፦ ለማኅበራችን ወንድ ሞተረኞች በእኛው ሰፊዎች እጅ 30 ጥቁር የቆዳ ሰደርያ ይሰፋ፤ ቆዳውን ማኅበሩ ከቁጠባው በአንድ ጊዜ ይግዛ፤ ሞተረኛው ዋጋውን ከፋፍሎ ይክፈል። ሥራው እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ካለቀ፣ ጥር 11 ቀን ከተማችን በጥምቀት እንግዳ ስትሞላ ልጆቻችን ለብሰውት ይታያሉ።

በረቂቁ ላይ ያሰፈርኩት፦ የበሬ ቆዳ፣ ኮሌታ የሌለው፣ ፊት ለፊት በአራት የብረት ቁልፍ የሚዘጋ፣ ውጭ ሁለት ውስጥ ሁለት ኪስ ያለው፣ ጎንና ጎኑ በጠፍር የሚጠብቅና የሚላላ። ጀርባው ላይ የፋሲል ግንብ ምስል ይጠለፍበት የሚል ሐሳብም ተነሥቷል። የጎደለውን ሙሉ፤ ያላመናችሁበትን በግልጽ ተቃወሙ።

የደባርቅ መንገድ ሞተረኛ፦
እኔ በሳምንት ሦስት ቀን ደባርቅ እመላለሳለሁ። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎህ ሳይቀድ ወለቃን አልፌ አምባ ጊዮርጊስ ስቃረብ ብርዱ ደረቴን ሰንጥቆ ይገባል። እስካሁን የምከላከለው ካርቶን ቆርጬ ከሹራቤ ሥር እየከተትኩ ነው። ስለዚህ ለእኔ ይህ ልብስ የጥምቀት ማጌጫ ብቻ አይደለም።

አንድ ነገር በረቂቁ ላይ በትልቁ እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ፤ እውነተኛ ቆዳ መሆኑ። ባለፈው ዓመት «ቆዳ ነው» ተብዬ የገዛሁት ሰደርያ ነበረኝ። ዳባት ልደርስ ስል ጠጠር ላይ ተንሸራትቼ ወደቅሁና አስፋልቱ ላይ አምስት ስድስት ክንድ ያህል ተጎተትኩ። ስነሣ ትከሻው እንደ ፌስታል ተኮማትሮ ቀልጧል፤ ከሥሩ ነጭ ሽመና ወጥቷል፤ የቀለጠውም ከሸሚዜ ጋር ተጣብቋል። ሸሚዙን ሳወልቅ ከቆዳዬ ጋር ነው የመጣው። ያን ሰደርያ እስከ ዛሬ አልጣልኩትም። ማንም ወንድሜ ያንን ገዝቶ እንዲለብስ አልፈልግም።

ቆዳ ሰፊው ከአራዳ፦
ልጄ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ። ለሌላ ጊዜ የምትገዛውን ሁሉ የተቆረጠ ጠርዙን እይ። ኪሱን ገልብጠህ ሰፊው ያላጠፈውን ጫፍ ፈልግ። እውነተኛ ቆዳ ጠርዙ ላይ እንደ ጥጥ ጭረት ጭረት ያለው፣ እርስ በርሱ የተቆላለፈ ሥር ይታይበታል። ሰው ሠራሹ ግን ላዩ አንድ ሽፋን፣ ታቹ ሽመና ነው፤ በጥፍርህ ብትለየው ይለያል።

ውፍረቱም ይጻፍ፤ ከ1.1 እስከ 1.3 ሚሊ ሜትር። ከዚያ ከሳሳ ለመውደቂያ አይሆንም፤ ከዚያ ከወፈረ ደግሞ ሰው ሲጎነብስ እንደ ጣውላ ይገፋዋል። የበግ ሌጦ ይሁን የሚል ሰው ቢመጣ እንዳትቀበሉት። የደጋችን በግ ሌጦ ለጓንት በዓለም ተፈላጊ ነው፤ ልስልስና ቀጭን ስለሆነ ነው፤ ለአስፋልት ግን አልተፈጠረም።

ዋናው ጉዳይ ጀርባው ነው። ረቂቁ ስለ ጀርባ አሠራር ዝም ብሏል። እኔ ጀርባው አንድ ወጥ ይሁን፣ መካከሉ ላይ ስፌት አይግባበት እላለሁ። ሁለት ቦታ ቀጥሎ መስፋት ቆዳ ይቆጥባል፤ ቁርጥራጩ ሁሉ ሥራ ላይ ይውላል። ነገር ግን ሰው በጀርባው ሲንሸራተት መጀመሪያ የሚፈታው ስፌቱ ነው። ቆዳ እንደ ጨርቅ አይደለም፤ መርፌ የበሳው ቀዳዳ አይዘጋም። የተደረደረ ቀዳዳ ማለት ደግሞ እንደ ቴምብር ጠርዝ ነው፣ ቅደደኝ ይላል። ጀርባው ከበሬው ጀርባ ይቆረጥ፤ አከርካሪውን ይዞ ያለው ጠንካራ ነው፤ የሆዱና የብብቱ ቆዳ ይለጠጣል፣ ከዓመት በኋላ ከረጢት ይሆናል። እሱን ለኪስ እናውለው።

ገንዘብ ያዡ፦
ጋሼ፣ የሚሉት ገብቶኛል፣ ነገር ግን ሒሳቡን ልናገር። ያለቀለት ቆዳ የሚሸጠው በስኩዌር ፊት ነው። አንድ ሰደርያ ከ12 እስከ 15 ይፈጃል ብለውኝ ነበር። ጀርባው አንድ ወጥ ከሆነ ወደ 15 እንጠጋለን። ለ30 ሰው 450 ስኩዌር ፊት ማለት ነው። የማኅበሩን ቁጠባ ግማሽ ይወስዳል።

ለዚህ አንድ ሐሳብ አለኝ። በየበዓሉ በቅርጫ ስንት በሬ ይታረዳል? ቆዳው የትም ተጥሎ ውሻ ሲጎትተው እናያለን። ያንን ሰብስበን ለምን አናስለፋውም?

ቆዳ ሰፊው ከአራዳ፦
ወንድሜ፣ ልቤም ያንኑ ይመኛል። እኔ ያደግሁት አባቴ ቁርበት ሲያለፋ እያየሁ ነው። ሆኖም እውነቱን ልንገርህ። ትኩስ ቆዳ በሰዓታት ውስጥ ጨው ካልተነሰነሰበት ጠጉሩ መነቀል ይጀምራል። በቅርጫ የሚገፈፍ ቆዳ ደግሞ የቢላ ጭረት የሞላበት ነው፤ ገፋፊው ለሥጋው እንጂ ለቆዳው አይሳሳም። ያም ቢታለፍ በቤታችን ለፍቶ የሚወጣው ለጠፍር፣ ለአቁማዳ፣ ለመኝታ ቁርበት ይሆናል እንጂ ለሰደርያ አይሆንም፤ ዝናብ ሲነካው ይደርቃል፣ ይሸታል። የልብስ ቆዳ ክሮም በሚባል ኬሚካል ለፍቶ፣ ቀለም እስከ ውስጡ ጠጥቶ፣ ዘይት ገብቶለት ከፋብሪካ የሚወጣ ነው። የመጀመሪያውን 30 ባለቀለት ቆዳ እንሥራ። የቅርጫውን ቆዳ መሰብሰብ ለብቻው ዕቅድ ይውጣለት፤ ለእሱም ጨው ይዤ የምወጣ ሰው ነኝ።

ገንዘብ ያዡ፦
ተቀብያለሁ። ከሦስት ሻጭ ዋጋ አምጥቼ አቀርባለሁ።

ነርሷ፣ ከማራኪ፦
ወንድሞቼ፣ ሁለት ነገር አለኝ። አንደኛው ቀላል ነው፦ ሞተር የምንነዳ ሴቶች ጥቂት ብንሆንም አለን። የወንዱ ልክ ለእኛ አይሆንም፤ ደረቱ ሌላ አቆራረጥ ይፈልጋል፤ ይገባኛል። ሁለተኛው ዙር ለእኛ እንደሚሆን ግን በዕቅዱ ላይ ይጻፍ።

ሁለተኛው ከባድ ነው። በማታ ተረኛነት ሥራዬ የማየውን አያለሁ። ጥቁር ልብስ፣ ጥቁር ሞተር፣ የአዘዞ መንገድ መብራት የሌለበት ቦታ፣ ከኋላ የሚመጣ አይሱዙ። ሾፌሩ ሞተረኛውን የሚያየው በጣም ከቀረበ በኋላ ነው። ጥቁሩ ያምራል፣ እኔም እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ብርሃን የሚመልስ ጨርቅ ጀርባው ላይ ካልተደረገበት በዚህ ዕቅድ ላይ እጄን አላወጣም።

ወጣቱ ሰፊ፦
እህቴ፣ ስጋትሽ ትክክል ነው፤ ይሁንና የዚህ ሰደርያ መልኩ ጥቁርነቱና ጀርባው አንድ ወጥ መሆኑ ነው። ከየት እንደመጣ ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1928 አርቪንግ ሾት የሚባል የኒውዮርክ ሰው ለሞተረኛ የታሰበ ዚፕ ያለው የቆዳ ጃኬት ሠራ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ከግንባር የተመለሱ የአሜሪካ ወታደሮች የሞተር ማኅበር አቋቁመው አብረው መንዳት ጀመሩ። እጅጌ የሌለው ሰደርያ በእነዚህ ማኅበራት ዘንድ መታወቂያ ሆነ፤ ክንድ አይዝም፣ በጃኬትም በሹራብም ላይ ይደረባል፣ ጀርባው ሰፊ ስለሆነ የማኅበሩ ምልክት ይሰፋበታል። አንድ ወጥ ጀርባ የሚወደደው ለጥንካሬው ብቻ አይደለም፤ ምልክቱ በስፌት እንዳይሰበርም ነው።

ከእነሱ መማር ያለብን አቆራረጡን ነው። ምልክታቸውን ግን አንንካ። በዚያ አገር የጀርባ ምልክት የማኅበሩ አባል ብቻ የሚለብሰው ነው፤ ከኢንተርኔት ቀድተን ብንሰፋ የሌላውን ሰው ማዕረግ እንደ መልበስ ይቆጠራል።

ስለ መብራቱ፦ አንጸባራቂውን ጨርቅ ጀርባው ላይ ከሰፋነው ጋሼ ያሉት ቀዳዳ ይመጣል። ሌላ መንገድ አስቤያለሁ። አራት ጣት ስፋት ያለው አንጸባራቂ መቀነት ለብቻው ይሰፋ፤ ሁለቱ ጫፎቹ የጎኑ ጠፍር ካለበት ቦታ በብረት ቁልፍ ይያዙ። ሲመሽ ከውስጥ ኪስ አውጥቶ ጀርባው ላይ መግጠም ነው። ሲነጋ ይነቀላል። ጀርባው አይበሳም።

ነርሷ፣ ከማራኪ፦
ይህ ይበቃኛል። መቀነቱ ግን ለብቻው የሚሸጥ አይሁን፤ ከሰደርያው ጋር አንድ ላይ ይሰጥ። ለብቻው ከተሸጠ ማንም አይገዛውም። አሁን እጄን አወጣለሁ።

ጸሐፊው፦
እህታችን ያለችው በረቂቁ ገብቷል፤ የሴቶቹ ሁለተኛ ዙርም እንደዚሁ። የፋሲል ግንብ ምስል ጉዳይስ?

ቆዳ ሰፊው ከአራዳ፦
ጀርባው ላይ በመርፌ አይጠለፍ። በሺህ የሚቆጠር ቀዳዳ ነው። ምልክት ካስፈለገ ጨርቅ ላይ ተጠልፎ ግራ ደረቱ ላይ፣ መዳፍ በማታክል ስፋት ይቀመጥ። አፄ ፋሲል ከተማዋን በ1636 እ.ኤ.አ. ሲቆረቁሩ ግንቡን ያቆመው ድንጋይ ጠራቢ፣ ኖራ ለዋሽ፣ አናጢ ነው። ሥዕሉ ከመጣ ሥራው ያማረ ይሁን፤ አራቱ ማማ ክብ መሆኑ እንኳ የማይታይበት ምስል ከሆነ ቢቀር እመርጣለሁ።

ሌላ ልጨምር፤ ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል። በእኛ አገር ቆዳ የነካ እጅ ሲሰደብ ኖሯል። አባቴ «ፋቂ» እየተባለ ነው የቀበርነው። የሰፋው ኮርቻና የመጽሐፍ ማኅደር በየቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ አለ፤ ስሙ ግን በአንዱም ላይ የለም። እያንዳንዱ ሰደርያ ከገበሩ ውስጥ፣ ከአንገቱ በታች፣ የሰፋው ሰው ስም በትንሽ ቆዳ ላይ ተተኩሶ ይግባበት። ለማንም ላይታይ ይችላል። የለበሰው ሰው ሲያወልቀው ያየዋል።

ወጣቱ ሰፊ፦
ጋሼ፣ ያለ እሱ አንሠራም። የመተኮሻውን ብረት እኔ አሠራለሁ።

የደባርቅ መንገድ ሞተረኛ፦
እኔም እስማማለሁ። የማንን እጅ እንደለበስኩ ማወቅ እፈልጋለሁ።

አንድ የልክ ነገር ብቻ ይቀረኛል። ገበያ የሚገኘው ሰደርያ ቆሜ ስለካው ልክ ነው፤ ሞተር ላይ ስጎነብስ ወደ ላይ ተስቦ ወገቤን ለብርድ ይሰጠዋል። ጀርባው ከፊቱ አራት ጣት ይርዘም።

ቆዳ ሰፊው ከአራዳ፦
ትክክል ነው። ደረቱም በሹራብ ላይ ተለክቶ 10 ሴንቲ ሜትር ይጨመርበት፤ ክረምት ሲመጣ ጠፍሩን ለቀቅ፣ በጋ ሲሆን ጠበቅ ማድረግ ነው።

ወጣቱ ሰፊ፦
ስለ ስፌቱ ባጭሩ፦ ክሩ ናይለን ወይም ፖሊስተር ይሁን፤ የጥጥ ክር ከቆዳው ማልፊያ ጋር ሲቆይ ይበሰብሳል። መርፌው የቆዳ መርፌ፣ ቁጥሩ 100 ወይም 110። እርምጃው 4 ሚሊ ሜትር፤ ከዚያ ከደቀቀ ቆዳውን ይቆርጠዋል። የጨርቅ ማሽን ቆዳውን አይስብም፣ እግሩ ላይ ይጣበቅበታል፤ ስለዚህ ሥራው ጫማ በሚሰፋበት ማሽን ይሁን። ማሽኑ ያላቸው ሁለት አባላት በየተራ እንደሚያውሱን ነግረውኛል።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር፦
ሁሉንም አንብቤአለሁ። አንድ ነገር አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ 450 ስኩዌር ፊት ቆዳ ከመግዛታችን በፊት አንድ ሰደርያ ተሰፍቶ ይፈተን። በወረቀት ያማረ ስንት ነገር በሥራ ሲበላሽ አይተናል። ደግሞም በጽሑፉ ላይ በግልጽ ይቀመጥ፦ ሰደርያ ክንድ አይከላከልም፣ ክርን አይከላከልም፤ በአውሮፓ የሞተረኛ ልብስ በኢ.ኤን 17092 መለኪያ መፋቅን፣ መቀደድን፣ የስፌት ጥንካሬን ተፈትኖ ነው መከላከያ የሚባለው። የእኛ አልተፈተነም። ስለዚህ «መከላከያ ልብስ» የሚለው ቃል ከረቂቁ ይውጣ። ሄልሜት የማያደርግ አባልም ይህን ሰደርያ አያገኝም።

ገንዘብ ያዡ፦
ለናሙናው ከቁጠባው እንዳይወጣ እኔ አበድራለሁ። ጉባኤው ካጸደቀ ይመለስልኛል፤ ካላጸደቀም ሰደርያው ለደባርቁ ወንድማችን ይሁን።

ጸሐፊው፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። ረቂቁን እንደገና ጽፌዋለሁ፦ እውነተኛ የበሬ ቆዳ ከ1.1 እስከ 1.3 ሚሊ ሜትር፤ ጀርባው አንድ ወጥና ከፊቱ የረዘመ፤ ተነቃይ አንጸባራቂ መቀነት አብሮ የሚሰጥ፤ ምልክቱ ግራ ደረት ላይ ብቻ፤ የሰፊው ስም ከገበሩ ውስጥ። አንድ ናሙና ተሰፍቶ ደባርቅ ደርሶ ሲመለስ ሐሳቡ ለጉባኤው ይቀርባል። ናሙናውን የሚሰፉት ጋሼ ናቸው። ልክ የሚወሰደው መቼ ይሁን?

ቆዳ ሰፊው ከአራዳ፦
ቅዳሜ ጠዋት ይምጣ። ሞተሩንም ይዞ ይምጣ፤ ልኩን የምወስደው ተቀምጦበት ነው።

የደባርቅ መንገድ ሞተረኛ፦
3 ሰዓት ላይ ከደጅዎ እደርሳለሁ፣ ጋሼ። የቀለጠውንም ሰደርያ ይዤው እመጣለሁ፤ ይፍቱትና የት የት እንደተፈታ ይዩት።