ቀቢው እየጠበቀኝ ነው! ክሬምና አይቮሪ አንድ ናቸው?

ባለ ሳሎኗ (ደሴ)
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ቀቢው ሩሎውን አስቀምጦ ቡና ይጠጣል፤ የምከፍለው በቀን ነው። ሳሎኑን ክሬም እያስቀባሁ ግድግዳው መሀል ላይ ቀለሙ አለቀ። ባለ ሱቁ ክሬም ጨርሻለሁ ብሎ፣ "አይቮሪ ውሰጂ፣ ያው ነው" አለኝ። ክዳኑን ስከፍተው ያው አይደለም! ቀቢው ደግሞ "ሲደርቅ አንድ ይሆናል" ይላል። ይቀጥል? ቅዳሜ እንግዳ አለብኝ።

የሐረጎ ልጅ
ቡናው አቦል ነው በረካ? በረካ ከደረሰ ዛሬ ቀለም የለም 😂

ቶሳ ሥር
እህቴ፣ መጀመሪያ ስሙን ተዪው። የአንዱ ፋብሪካ ክሬም የሌላው አይቮሪ ሊሆን ይችላል። የሚታመነው ባልዲው ላይ ያለው የቀለም ቁጥር ነው። ቁጥሩ አንድ ሆኖም በሌላ ዙር የተመረተ ከሆነ ትንሽ ሊለይ ይችላል። ደግሞ ብርሃኑ አለ። የእኛ ጉም ሲወርድ ክሬሙ አመድ ይመስላል፤ ማታ ቢጫ አምፖል ስታበሪ ያው ግድግዳ ቅቤ ይሆናል። ቀን አንድ የመሰሉሽ ቀለሞች ማታ ሊለያዩ ይችላሉ። ለዚህ ነው እኔ ሁልጊዜ...

የሐረጎ ልጅ
ጋሼ፣ ቀቢው በቀን ነው የሚከፈለው 🙏

እናት ዓለም
ካርቶን ላይ ቀብተሽ ሞክሪው።

ሰኞ ገበያ
ችግሩ ክሬም አይቮሪ አይደለም። ለሳሎን ቀለም በቁንጥር ይገዛል እንዴ? እኔ ብሆን ነጭ ቀብቼ እገላገል ነበር።

ባለ ሳሎኗ
ነጩን ልጆቼ በአንድ ቀን ይጨርሱታል። መልስ ስጡኝ እንጂ!

ቀቢ ነኝ (ኮምቦልቻ)
አብሽሪ እህቴ። "ሲደርቅ አንድ ይሆናል" የሚባል ነገር የለም። ፕላስቲክ ቀለም ሲደርቅ ትንሽ ይጠቁራል እንጂ ዘሩን አይቀይርም። አይቮሪውን ካርቶን ላይ ሁለት እጅ ቀቢ፣ በደንብ ይድረቅ። ደሴ ብርድ ስለሆነ እንደኛ አገር ቶሎ አይደርቅም። ከዚያ የካርቶኑን ነጭ ጠርዝ ቆርጠሽ ጣይና ከደረቀው ግድግዳ ጋር አጣብቂው። መሀል ላይ ነጭ ካለ ዓይን ይሳሳታል። ቀንም ማታም እይው። ከተለየ ግድግዳው መሀል ላይ አትቀጥዪ፤ መቀየሪያው ጥግ ነው፣ ብርሃኑም እዚያ ስለሚቀየር ብዙ አያስታውቅም። ለመሆኑ ስንተኛ እጅ ነው?

እናት ዓለም
ካርቶን ላይ ሞክሪው ብያለሁ።

ባለ ሳሎኗ
የመጀመሪያው እጅ። ምን ለውጥ አለው?

ቀቢ ነኝ (ኮምቦልቻ)
ይሄን ነበር መጀመሪያ መናገር! እንግዲያው ምን አስጨነቀሽ? አይቮሪውም ፕላስቲክ ቀለም ከሆነ የመጀመሪያውን እጅ በእሱ ይጨርስ። ለሁለተኛው እጅ ለአራቱም ግድግዳ የሚበቃ አንድ ቀለም ግዢ፤ ባልዲዎቹን ትልቅ በርሜል ውስጥ ገልብጦ ያዋህዳቸው። ቀለሞቹ ስለሚቀራረቡ ከሥር ያለው አይታይም። ዘይት ቀለም ከሆነ ግን ቆይ በዪው።

ሰኞ ገበያ
እኔም እኮ በቁንጥር አትግዢ ነው ያልኩት።

የሐረጎ ልጅ
ዛሬ እሑድ ነው። እንግዳው ምን አለ? ቀቢውስ ሄደ ወይስ አሁንም ቡና ላይ ነው?