ልጄ ከጌም የሚማረው ነገር አለ ወይስ ላጥፋበት?

ጠያቂ (የበኩሬ እናት)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 9 ዓመቱ ነው። ታብሌት ከያዘ ማይንክራፍት የሚባለውን፣ እየቆፈሩና እንጨት እየቆረጡ ዕቃ የሚሠሩበትን ጌም ሲጫወት ነው የሚውለው። ሂሳብ ላይ ደከም ይላል፤ ማካፈል ሲባል ፊቱ ይጠቁራል። አጎቱ «ተይው፣ ጌም አእምሮ ይከፍታል» ይለኛል። እኔ ደግሞ ጨርሼ ላጠፋበት ነው። እውነት የሚማረው ነገር አለ? «ጥሩም መጥፎም ጎን አለው» የሚለውን መልስ ጠግቤዋለሁ።

የሁለት ልጆች አባት፦
እህቴ፣ ከማጥፋትሽ በፊት አንድ ቀን አጠገቡ ቁጭ በይ። «64 ችቦ ብፈልግ ስንት ከሰል ላምጣ?» በይው። ጌሙ ውስጥ 1 ከሰልና 1 በትር 4 ችቦ ይሆናሉ። ስለዚህ 16 ከሰልና 16 በትር ያስፈልጋል። ከ2 ጣውላ 4 በትር ይወጣል፣ ከ1 ግንድ ደግሞ 4 ጣውላ። ታዲያ ስንት ግንድ ይቆረጥ? 2 ብቻ። የኔዋ ልጅ ይህን ጣቷን ሳትቆጥር ትመልሳለች። ደብተር ላይ 64 ለ4 ሲካፈል ስትባል ግን ትደነግጣለች። ያው ማካፈል መሆኑን የነገራት የለማ!

ጡረተኛው መምህር፦
ቁም ነገሩ ወንድሜ መጨረሻ ላይ ያላት ናት። ጌም ላይ የቀለጠፈ ልጅ ክፍል ውስጥም በራሱ ጊዜ ይቀለጥፋል ማለት አይደለም። ሁለቱን የሚያገናኝለት ሰው ይፈልጋል። ጨዋታው ሲያልቅ የችቦውን ስሌት ወረቀት ላይ አብራችሁ ጻፉት፤ 5 ደቂቃ ይበቃል። መሃል ላይ ግን አትፈትኚው፣ ጌሙንም ሂሳቡንም ይጠላል።

ሌላው፣ በየትኛው ሞድ (የአጨዋወት ዓይነት) እንደሚጫወት እዪ። ክሪኤቲቭ ላይ ዕቃው ሁሉ በነጻ ስለሚገኝ የሚያሰላው ነገር የለም። ሰርቫይቫል ላይ ግን ቆፍሮ፣ ቆርጦ፣ ቆጥቦ ነው።

ስም የለሽ፦
እኛ ያለ ጌም ተምረን የለ እንዴ? አጥፊውና መጽሐፍ ስጪው።

ኮድ ጸሐፊዋ፦
መጽሐፉንም ስጪው፣ ማን ከለከለ። ግን ሬድስቶን የሚባለውን፣ ጌሙ ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያገለግለውን ነገር ነክቶት እንደሆነ ጠይቂው። ሁለት ማብሪያ አንድ ላይ ካልበሩ የማይከፈት በር ከሠራ፣ የኮምፒውተር ሎጂክ ጀምሯል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ስክራች የሚባለውን ይወደዋል። የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ልጆች ኮድ የሚማሩበት ነጻ ፕሮግራም ነው፤ በዋናነት ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች የታሰበ። የራሱን ጌም ይሠራበታል። እኔ ብሆን ወደዚያ ነበር የምገፋው።

የሦስት ልጆች እናት፦
ሰዓቱን በተመለከተ ከኔ ልምድ፦ «በቃ፣ አሁን ዝጋ» ጠብ ነው ትርፉ። የጌሙ አንድ ቀን ከነሌሊቱ 20 ደቂቃ ነው። እኛ ቤት «ዛሬ 3 ቀን ተፈቅዶልሃል» እንላለን። ከማያውቀው ሰው ጋር በኢንተርኔት መጫወቱን ግን ዝጊው፤ እዚያ ላይ ድርድር የለም።

ጠያቂ (የበኩሬ እናት)፣ ከሳምንት በኋላ፦
አመሰግናለሁ፣ አላጠፋሁትም። የችቦውን ጥያቄ ሳልጨርስ ነው የመለሰልኝ፤ ወረቀት ላይ ገና ያኮርፋል። በቀን 3 የጌም ቀን ብዬ ተስማማን። አሁን ጌሙ ውስጥ አልጋ አጠገብ አይደርስም። ለምን ስለው «ከተኛሁ ሌሊቱ ይዘለላል፤ 60 ደቂቃዬ ይቀንሳላ!» አለኝ።