ከኮምቦልቻ እስከ ዋሽንግተን፦ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ፕሪሚየም ኢኮኖሚ ያዋጣል?

ሆጤ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። እናታችን 67 ዓመታቸው ነው፣ የሚኖሩት ደሴ ነው። ሁለቱም ጉልበታቸው ያማቸዋል፣ ቀኙ ይብሳል። ሜዳ ላይ በከዘራ ይሄዳሉ፣ ደረጃ ግን አይሆንላቸውም። የደም ግፊት ኪኒን ይወስዳሉ። ዋሽንግተን ያለው ወንድሜ ጋ እንዲሄዱ የአሜሪካ ቪዛቸው ወጥቷል። አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም፣ ከአማርኛ ሌላም ቋንቋ አይችሉም።

ትኬት ቆራጩ ሁለት አማራጭ ሰጥቶናል። አንዱ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ ዋሽንግተን በኢኮኖሚ ነው። ሌላው በሉፍታንዛ እስከ ፍራንክፈርት፣ ከዚያ በዩናይትድ ዋሽንግተን ሆኖ «ፕሪሚየም ነው» ብሎ 700 ዶላር ጨምሮበታል። ወረቀቱን ሳየው ግን ሁለተኛው በረራ ላይ «ኢኮኖሚ ፕላስ» ይላል። «ያው ነው» አለኝ። እውነት ያው ነው? ገንዘቡስ ያዋጣል? ወንድሜ ይከፍላል፣ ግን በከንቱ እንዲወጣበት አልፈልግም።

ጦሳ

እህቴ፣ ያው አይደለም። ወረቀቱን መልሺለት።

በዩናይትድ «ኢኮኖሚ ፕላስ» ማለት ያው የኢኮኖሚ ወንበር ሆኖ ለእግር ጥቂት ኢንች የተጨመረለት ነው። ወንበሩ አይሰፋም፣ ምግቡም ሻንጣውም የኢኮኖሚ ነው። የእነሱ ፕሪሚየም ኢኮኖሚ ስሙ «ፕሪሚየም ፕላስ» ነው። በዴልታም «ኮምፈርት» ሌላ፣ «ፕሪሚየም ሰሌክት» ሌላ ነው። በአሜሪካን ኤርላይንስ «ሜይን ካቢን ኤክስትራ» ኢኮኖሚ ነው። ስሞቹ ሆን ተብለው የተቀራረቡ እስኪመስል ድረስ ይመሳሰላሉ፣ ስለዚህ በስም አትመኚ፣ ፊደሉን እዪ። በትኬቱ ላይ ከእያንዳንዱ የበረራ ቁጥር አጠገብ የትኬቱን መደብ የሚናገር አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አለ። ሉፍታንዛ ላይ ፕሪሚየም ኢኮኖሚ ከሆነ ጂ፣ ኢ ወይም ኤን ይሆናል። ዩናይትድ ላይ ኦ፣ ኤ ወይም አር። በአንዱ በረራ ላይ ከእነዚህ ውጭ የሆነ ፊደል ካየሽ በዚያ በረራ ፕሪሚየም አልተገዛላችሁም። ከኮምቦልቻ (ለደሴ ቅርብ ከሆነው አየር ማረፊያ) ቦሌ ያለው የአገር ውስጥ በረራ ግን ምንም ቢሆን ኢኮኖሚ ይላል፣ በዚያ አትደንግጪ።

እውነተኛው ፕሪሚየም ኢኮኖሚ በቢዝነስና በኢኮኖሚ መሀል ያለ፣ ለብቻው የተከለለ ክፍል ነው። በሉፍታንዛ ከወንበር ወንበር ያለው ርቀት 97 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ኢኮኖሚው 79 ገደማ። ልዩነቱ 18 ሴንቲ ሜትር፣ አንድ ስንዝር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ጉልበቱ ለማይታጠፍለት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ወንበሩ ትንሽ ሰፋ ይላል፣ የክንድ መደገፊያውን ከጎረቤት ጋር አትሻሙም፣ የእግር ማሳረፊያ አለው፣ ወደ ኋላም ከኢኮኖሚው የበለጠ ይተኛል። ሻንጣ ሁለት፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ግን አልጋ አይሆንም። «ተዘርግተው ይተኛሉ» ያለሽ ካለ ቢዝነስን ከፕሪሚየም አምታቷል። ማረፊያ ሳሎንም ከዋጋው ጋር አይመጣም፣ ለብቻው ይከፈላል።

አሁን ሒሳቡን ሥሪ። አዲስ አበባ ፍራንክፈርት ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል፣ ፍራንክፈርት ዋሽንግተን ዘጠኝ ሰዓት ያህል ነው። ሁለቱም ፕሪሚየም ከሆኑ 700 ዶላሩ በሰዓት 42 ዶላር ገደማ ይመጣል፣ እኔ በዚህ ዕድሜና በዚህ ጉልበት ያዋጣል እላለሁ። እንደ ወረቀታችሁ ከሆነ ግን ፕሪሚየም የሆነው አጭሩ በረራ ብቻ ነው፣ በሰዓት ወደ 93 ዶላር ነው ማለት ነው፣ ረጅሙንም በጠባቡ ወንበር ይጨርሱታል። ገንዘቡ መዋል ያለበት ረጅሙ በረራ ላይ ነው።

ቦርከና

ጦሳ ስለ ወንበሩ ያለው ልክ ነው። በምርጫው ግን አልስማማም። እኚህ እናት የሚቸገሩት ተቀምጠው ብቻ አይደለም፣ ሲነሡም ነው። በፍራንክፈርት በኩል ማለት አንድ ጊዜ ወርዶ፣ ዳግም ተፈትሾ፣ ከበር በር ተጉዞ፣ በማያውቁት ቋንቋ ሌላ አውሮፕላን መሳፈር ነው። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ ከተሳፈሩ ዋሽንግተን ድረስ ያው ወንበር፣ ያው ሻንጣ፣ አማርኛ የሚሰማ አስተናጋጅ ነው።

በጉዞው መሀል አውሮፕላኑ ነዳጅ ለመሙላት ያርፋል፣ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ደረስን ብለው እንዳይነሡ። ምክንያቱ ቦሌ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ መሆኑ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ ይዞ መነሣት አይችልም። ብዙውን ጊዜ መንገደኛ ከወንበሩ አይነሣም። ዋሽንግተን ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ ሲመለሱ ማረፊያ የለም፣ 13 ሰዓት ያህል ያለ ዕረፍት ነው።

የሻንጣውን ጥቅም ደግሞ አትቁጠሩት፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኢኮኖሚም ወደ አሜሪካ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ይፈቅዳል። በዚህ መስመር የሚበሩት አውሮፕላኖቹ፣ ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350፣ ሁለት ክፍል ብቻ ናቸው፣ ክላውድ ናይን (የእነሱ ቢዝነስ ነው) እና ኢኮኖሚ። ስለዚህ በዚህ መስመር «ፕሪሚየም አለ» የሚል ካለ ክላውድ ናይን ነው ወይስ ከፊት ያለ የኢኮኖሚ ወንበር ነው ብለሽ ጠይቂ።

ወንበር ሲመረጥ፦ ኢኮኖሚው ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት ሆኖ ነው የተደረደረው። የሚብሰው ቀኙ ጉልበት ስለሆነ በግራው ረድፍ መተላለፊያ ዳር ያለውን አስይዢላቸው፣ ቀኝ እግራቸውን ወደ መተላለፊያው ዘርጋ ማድረግ ይችላሉ። በቀኙ ረድፍ ብታስቀምጪያቸው መተላለፊያው በግራቸው ይሆንና ታማሚው እግር ወደ ጎረቤት ይዞራል። የምግብ ጋሪ ሲመጣ ግን እግር መሰብሰብ እንዳለባቸው ንገሪያቸው፣ ጋሪው ከባድ ነው። የአደጋ መውጫ ረድፍን አትጠይቂ፣ ድጋፍ ለሚሻ ሰው አይሰጥም።

ግድግዳው ሥር ያለው የፊት ረድፍ ሰፊ ይመስላል። ነገር ግን ጠረጴዛውና ስክሪኑ የክንድ መደገፊያው ውስጥ ስለሆነ መደገፊያው አይነሣም፣ ወንበሩም ይጠባል። የእጅ ቦርሳ እግር ሥር ማኖር አይቻልም፣ ሕፃን ልጅም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚቀመጠው። መደገፊያው ከፍ የሚል ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ረድፍ ለጉልበት ይሻላል፣ ወደ ጎን ዞሮ ለመነሣት ይመቻል። ብዙ አውሮፕላኖች ላይ የመተላለፊያው መደገፊያ የማይነሣ ይመስላል እንጂ ከሥሩ፣ ማጠፊያው አጠገብ የተሸሸገች መጫኛ አለች። አስተናጋጇን አሳዪኝ ይበሏት።

ሆጤ

አላህ ይስጥልኝ። ወንድሜ ግን አሁንም ወደ ፕሪሚየሙ ያዘነብላል። በፍራንክፈርት ለማለፍ ቪዛ ያስፈልጋል የሚል ሰምቻለሁ። ዊልቸርስ እንዴት ይጠየቃል? ከኮምቦልቻ ነው ወይስ ከአዲስ አበባ?

ጦሳ

ኢትዮጵያውያን በሸንገን አገሮች (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ናቸው) አየር ማረፊያ ለማለፍ ብቻ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁት ውስጥ ናቸው። ሆኖም የጸና የአሜሪካ ቪዛ ያለው ሰው ከዚህ ነፃ ነው፣ በዚያው ቪዛ ሄዶ ሲመለስም እንዲሁ። ስለዚህ ለእናታችሁ አያስፈልግም፣ ሁለት ነገር ከተጠበቀ። አንደኛ፣ ትኬቱ አንድ መሆን አለበት። ለየብቻ ከተቆረጠና ሻንጣቸውን ፍራንክፈርት ላይ አንሥተው እንደገና ማስገባት ካለባቸው ጀርመን መግባት ነው፣ ያ ደግሞ የሸንገን ቪዛ ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ በሁለት የሸንገን ከተማ የሚያልፍ መንገድ አትግዙ። ከፍራንክፈርት ወደ ፓሪስ የሚደረግ በረራ እንደ አገር ውስጥ ስለሚቆጠር ያው መግባት ነው።

በመሀል ሦስት ሰዓት ያህል ይኑር። ለወጣት አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል፣ በዊልቸር ግን ከሁሉ ኋላ ነው የሚወርዱት፣ ፍተሻም ዳግም አለ። ከቤት የተያዘ ውኃ እዚያ ይወሰዳል።

ሌላም አለ። አውሮፕላን ተቀይሮ ወይም ወንበር ሞልቶ ከፕሪሚየም ወደ ኢኮኖሚ ቢያወርዷቸው ከአውሮፓ ኅብረት አገር በሚነሣ በረራ ሕጉ ግልጽ ነው፤ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ የዚያን በረራ ዋጋ 75 በመቶ በሰባት ቀን ውስጥ መመለስ አለባቸው። ፍራንክፈርት ዋሽንግተን ከዚያ እጅግ ይርቃል። የፕሪሚየሙንም የኢኮኖሚውንም ቦርዲንግ ፓስ ወንድምሽ ይያዝ፣ ማስረጃው እሱ ነው።

ሐረጎ

ዊልቸሩ በነፃ ነው፣ የሚጠየቀውም ትኬቱ ሲቆረጥ፣ ቢዘገይ ከጉዞው 48 ሰዓት በፊት ነው። «ዊልቸር ይፈልጋሉ» ብቻ ብለሽ እንዳትተዪው፣ ሦስት ዓይነት መደብ አለ። «ደብሊው ሲ ኤች አር» ደረጃ ለሚወጣ ግን ሩቅ መሄድ ለማይችል ነው። «ደብሊው ሲ ኤች ኤስ» ደረጃ ለማይችል፣ አውሮፕላን ውስጥ ግን እስከ ወንበሩ መሄድ ለሚችል። «ደብሊው ሲ ኤች ሲ» ጨርሶ መሄድ ለማይችል። የእናታችሁ መካከለኛው ነው። ትኬት ቆራጮች በልማድ የመጀመሪያውን ይጽፋሉ፣ ችግሩም የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ሰውየው ዊልቸሩን ይዞ እስከ ደረጃው ሥር ያደርስና «እዚህ ጋ ይውጡ» ይላል። ወደ ኮምቦልቻ የሚበረው አነስተኛ አውሮፕላን፣ ኪው 400፣ የራሱ አጭር ደረጃ ነው ያለው፣ የመሳፈሪያ ድልድይ የለም። ስለዚህ መደቡ በሁሉም በረራ ላይ፣ ከኮምቦልቻ ጀምሮ መጻፉን አረጋግጪ።

የኮምቦልቻውን በረራ ከዋናው ትኬት ጋር በአንድ ቁረጡት። ለየብቻ ከሆነ የሻንጣው ልክ የአገር ውስጡ ይሆንና ሁለቱን ባለ 23 ኪሎ ሲመዝኑ ትርፍ ያስከፍሏችኋል። ከዚያም በላይ፣ በክረምት ደመና ወርዶ በረራው ቢሰረዝና ዋሽንግተኑ ቢያመልጥ በአንድ ትኬት ከሆነ ሌላ ማስያዝ የአየር መንገዱ ግዴታ ነው፣ ለየብቻ ከሆነ ግን ዕዳው የእናንተ ነው። የምትችሉ ከሆነ ከዋዜማው ሄደው አዲስ አበባ ይደሩ። በመኪና ከሆነ ደግሞ ማደሩ ግዴታ ነው። 400 ኪሎ ሜትር ተቀምጠው፣ የጣርማበርን ተራራ ወጥተው፣ በዚያው ሌሊት ሌላ 16 ሰዓት መቀመጥ ለዚያ ጉልበት አይገባም።

ሰኞ ገበያ

ስለ ጤናው ልጨምር። እግር ሳይንቀሳቀስ ከአራት ሰዓት በላይ መቀመጥ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት ዕድልን ሁለት እጥፍ ያህል ያደርሰዋል። በጠቅላላው ሲታይ የሚያጋጥመው ከ6,000 መንገደኛ አንዱን ገደማ ነው፣ ነገር ግን ዕድሜና አለመንቀሳቀስ ይጨምሩታል። ፕሪሚየም ወንበር በራሱ ከዚህ አያድንም፤ የሚያድነው እንቅስቃሴ ነው። በየሰዓቱ ተቀምጠው የእግር ጣታቸውን ወደ ላይ ወደ ታች ሃያ ጊዜ ያድርጉ፣ በየሁለት ሰዓቱ ተነሥተው እስከ መጸዳጃው ይሂዱ። እስከ ጉልበት የሚደርስ የግፊት ካልሲ ጥሩ ነው፣ ግን የእግር ደም ዝውውር ችግር ወይም ስኳር ካለባቸው ሐኪም ሳያያቸው አይልበሱ። አስፕሪንም ከራሳችሁ አትስጧቸው።

ከፍታው አያሳስብሽ። የ787 እና የኤ350 የውስጥ አየር ግፊት 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ነው፣ ማለትም ኮምቦልቻ ላይ እንደ መቀመጥ። ሌሎች አውሮፕላኖች እስከ 2,400 ይደርሳሉ፣ ያም ከደሴ በታች ነው። የሚከብደው የአየሩ ደረቅነት ነው፣ ውኃ ቶሎ ቶሎ ይጠጡ። ጆሯቸው የሚዘጋው አውሮፕላኑ ሲወርድ ነው፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ እንደሚሆነው። ከረሜላ ይምጠጡ፣ እንቅልፍ ላይ ከሆኑ ይቀስቅሷቸው።

ኪኒኑ በእጅ ቦርሳ፣ ከነፋብሪካ ማሸጊያው፣ ከሐኪም ወረቀት ጋር ይሁን። በርበሬ፣ ሽሮና በሶ ግን በትልቁ ሻንጣ ይግቡ፤ ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ከተያዘ ተጨማሪ ፍተሻ አለበት፣ ሊከለከልም ይችላል። ቋንጣ ጨርሶ አታስይዟቸው።

ሆጤ

ሁላችሁንም አላህ ይጠብቅልኝ። ከወንድሜ ጋር ተነጋግረን በኢትዮጵያ አየር መንገድ ወሰንን፣ ቋንቋው አሸነፈን። 700 ዶላሩን ለምቾታቸው የምናውልበት መንገድ ካለ ንገሩኝ፣ ትኬት ቢሮው ነገ ነው የምሄደው።

ቦርከና

አብሽሪ፣ ጥሩ ወስናችኋል። መጀመሪያ ወንበሩን ከፍላችሁ አስይዙ፣ ያ ትንሽ ገንዘብ ነው። ከዚያ ወደ ክላውድ ናይን ማሳደጊያው ስንት እንደሆነ ለሄደበትና ለመመለሻው ለየብቻ ጠይቂ። ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ መመለሻውን ምረጡ፣ 13 ሰዓቱ ያለ ማረፊያ ነው፣ በኤ350 ደግሞ ወንበሩ ጠፍጣፋ አልጋ ይሆናል። ስትከፍሉ የሻንጣው ልክም አብሮ ያድግ እንደሆነ ውሉ ላይ እዪ።

ለቢሮው በቃል አትንገሪ፣ ይህን ጽፈሽ ስጪ፦ «ከኮምቦልቻ እስከ ዋሽንግተን አንድ ትኬት፣ ሻንጣ እስከ መጨረሻው። ደብሊው ሲ ኤች ኤስ በሁሉም በረራ። በግራ ረድፍ መተላለፊያ ዳር፣ ከግድግዳው ረድፍ ውጭ። የሙስሊም ምግብ፣ ኤም ኦ ኤም ኤል። እንግሊዝኛ አይችሉም ተብሎ ይመዝገብ። ተቀባይ ልጃቸው፣ ስልክ ቁጥር።» ከዚያ ከመውጣትሽ በፊት ትኬቱን አሳትመሽ፣ ዊልቸሩና ምግቡ በእያንዳንዱ በረራ ሥር መጻፉን እዚያው ቆመሽ አንብቢ።