አስቸኳይ፦ የሆቴል ስቶር ኪፐር ሲቪ ለመድኃኒት አስመጪ እንዴት ይጻፍ?

ሜክሲኮ_ነኝ፦ እባካችሁ ቶሎ! ሜክሲኮ ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብያለሁ፣ ማመልከቻው ዛሬ 11 ሰዓት ይዘጋል። የሆቴል ስቶር ነው የሠራሁት፣ ያሁኑ የመድኃኒት መጋዘን ነው። የሆቴሉን ስምና ዓመቱን አውጥቼ ችሎታዬን ብቻ ልዘርዝር? ደግሞ እዚህ ስከፍተው አማርኛው ተዘባረቀ!!

ቡና_ያለስኳር፦ ፓራሲታሞሉን ከበርበሬው ጎን እንዳትደረድረው ብቻ 😄

ፒዲኤፍ_በሉት፦ ፒዲኤፍ አድርገው።

ጋሽ_መዝገቡ፦ ልጄ፣ ሲቪ የሕይወት ታሪክ አይደለም። የእናት ስም፣ ሃይማኖት፣ የትዳር ሁኔታ ምን ያደርጋል? ሁለት ገጽ ይበቃል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪህ ስትጠይቀው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንህንና ደመወዝህን የሚገልጽ ማስረጃ መስጠት አለበት። ያ ወረቀት በእጅህ ሳይገባ ማመልከት ምን የሚሉት ነው?

ፌፎ፦ ጋሼ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው። ሜክሲኮ፣ ሙያ ቀየርክ ያለህ ማነው? የተቀየረው ዕቃው ነው። ዓመቱን ካወጣህ ምን ደበቀ ነው የሚሉህ። ሆቴሉ ይቀመጥ፣ ከሥሩ ያለው ይቀየር። «የምግብና መጠጥ ዕቃ መረከብ» የሚለውን ሰርዝና የሠራኸውን ብቻ እየመረጥክ እንዲህ ጻፍ፦

«የሚገባውን ዕቃ ከግዥ ትዕዛዝና ከደረሰኝ ጋር አመሳክሮ መረከብ፤ የማቀዝቀዣ ክፍሉን ሙቀት በየዕለቱ መመዝገብ፤ ቆጠራን ከቢን ካርድ (የየዕቃው ገቢ፣ ወጪና ቀሪ መመዝገቢያ) ጋር ማስታረቅ።»

ስንት ዓይነት ዕቃ ትይዝ እንደነበር ቁጥሩን ጨምር። የማቀዝቀዣዋን መስመር ወደ ላይ አውጣት፤ ብዙ ክትባትና ኢንሱሊን የሚቀመጠው ከ2–8 ዲግሪ ነው፣ ዓይናቸው እዚያ ላይ ያርፋል። ፊፎ ብለህ ብቻ እንዳትተወው። ፊፎ ቀድሞ የገባውን ነው የሚያስወጣው፤ መድኃኒት ላይ ግን ትናንት የገባው ካርቶን ካምናው ቀድሞ ጊዜው ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ የሚሠራው ፌፎ ነው፦ ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈው ቀድሞ ይወጣል። ወተትና እርጎ በዚህ መንገድ ካወጣህ ጻፈው። ባች ቁጥር (በአንድ ዙር የተመረተውን የሚለየውን ቁጥር) ካልያዝክ ግን አትጻፍ፣ ቃለ መጠይቅ ላይ ያፋጥጡሃል።

ፒዲኤፍ_በሉት፦ ፒዲኤፍ አድርገው አልኩ እኮ።

ሜክሲኮ_ነኝ፦ አደረግኩት! ፒዲኤፉም ተዘባረቀ!

ፊደል_ቆጣሪ፦ እዚያው ስለቀየርከው ነው። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተተየበ ይመስላል፤ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ እንዲህ ይሆናል። ፎንቱን ወደ ኒያላ ብትቀይረውም አይስተካከልም። ወይ የተተየበበት ቦታ ደውለህ ፒዲኤፍ ያድርጉልህና በቴሌግራም ይላኩልህ፣ ወይ በዩኒኮድ (ሌላ ኮምፒውተር ላይም በሚነበበው አጻጻፍ) እንደገና ተይበው። ሁለት ገጽ ምን አላት?

ሜክሲኮ_ነኝ፦ እየተየብኩ ነው። የልምድ ማስረጃዬ «ረዳት ስቶር ኪፐር» ይላል፣ «ረዳት»ን ልተወው?

ፌፎ፦ እንዳትነካው! መደቡ ማስረጃው ላይ እንዳለ ይጻፍ።

ጋሽ_መዝገቡ፦ እንግዲህ ማስረጃው ካለ ጥሩ። የሥራ ግብር መከፈሉን ይገልጻል? ከግል ድርጅት ለመጣ ልምድ ብዙ ቦታ ይጠይቃሉ።

ቡና_ያለስኳር፦ 11 ከሩብ ሆነ። ተላከ ወይስ መብራት ጠፋ?