የሶቪየቷ ሊትዌኒያ ባንዲራ መከልከል ነበረበት?

ደጀኔ፦ ሊትዌኒያ በ2008 የሶቪየትም የናዚም ባንዲራ አደባባይ ላይ እንዳይታይ በሕግ ከለከለች (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ደግ አደረገች ባይ ነኝ። ሊትዌኒያን የያዙት ሶቪየቶች ባደረጉት ግዞት ከ1941 እስከ 1953 ከ100,000 በላይ ሰው ወደ ሳይቤሪያና ወደ ሌላም ሩቅ አገር ተግዟል። ልጇ እንደወጣ የቀረባት እናት ያን ባንዲራ መንገድ ላይ ለምን ትየው?

ሰላማዊት፦ ጋሽ ደጀኔ፣ የእናትየዋ ሐዘን የእኔም ሐዘን ነው። ግን ክልከላው ወዴት እንደሚወስድ ይመልከቱ። ሃንጋሪ ውስጥ ቀይ ኮከብ ልብሱ ላይ አድርጎ የተቀጣ ፖለቲከኛ ስትራስቡርግ እስካለው የአውሮፓ ሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ድረስ ከስሶ በዚያው በ2008 ተፈርዶለታል። ፍርድ ቤቱ ኮከቡ ከአንድ በላይ ትርጉም አለው ብሏል።

ደጀኔ፦ ኮከብ ሌላ፣ የአገር ባንዲራ ሌላ! በሶቪየት ዘመን የ1918ቱ የነጻነት ቀን ፌብሩዋሪ 16 ሲደርስ ሰዎች የሊትዌኒያን የራሷን ባንዲራ፣ ቢጫ አረንጓዴ ቀዩን፣ በሌሊት ተደብቀው ይሰቅሉ ነበር፤ የተያዘ ይቀጣል። ቀዩ ባንዲራ የቆመው ያንን ከልክሎ ነው።

ዮናታን፦ እኔን የሚያንገበግበኝ የ1953ቱ የሶቪየቷ ሊትዌኒያ ባንዲራ ነው። የ1940ው ቀይ መደብ፣ ማጭድና መዶሻ፣ ከላዩ የሊትዌኒያ ስም፤ ማንንም አያታልልም። በ1953 ግን ከቀዩ ሥር ቀጭን ነጭ መስመር፣ ከዚያ ታች አረንጓዴ ጨመሩበት። አረንጓዴና ቀይ አለ፣ ቢጫው የለም። የእኛን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ለሚያውቅ ሰው ቢጫዋ ስትጎድል ምን እንደሚሰማ መናገር አያስፈልግም። ሕዝቡ 35 ዓመት በዚህ ሥር ኖረ።

ሰላማዊት፦ ዮናታን፣ 35ቱ ዓመት እንዴት እንዳበቃም ጨምርበት። ኦክቶበር 7 ቀን 1988 በዋና ከተማዋ ቪልኒየስ በጌዲሚናስ ግንብ ላይ ቢጫ አረንጓዴ ቀዩ ተሰቀለ። ኖቬምበር 18 የዚያችው የሶቪየት ሪፐብሊክ ምክር ቤት ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ አጸደቀው። ነጻነት እንደገና የታወጀው ግን ማርች 11 ቀን 1990 ነው። ስለዚህ የሶቪየቷ ሊትዌኒያ የመጨረሻ ባንዲራ ራሱ ቢጫ አረንጓዴ ቀዩ ነበር! ቀዩን ያወረደው በሥሩ ይሠራ የነበረው ምክር ቤት ነው። ወጣቱ ቀዩን አይቶት ካላወቀ ይህን በምን ይረዳዋል?

ደጀኔ፦ ይህን አላሰብኩትም ነበር፣ እህቴ። ሕጉ ግን ሙዚየምና ትምህርት ቤትን አልከለከለም፤ እዚያ ሄዶ ይየው። የእናትየዋ ደጃፍ ላይ ከሆነ አሁንም አልስማማም።